ሐይቁና ጨጓራው፦ ክብደት ለመቀነስ የተደረገ ቀዶ ሕክምና ለምን ይደገማል?

ስለ ኢነርጂ ጥበቃ ሕግ አስተምሬ ከክፍል ስወጣ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ልጁ የመጣው ከቆላ ድባ ነው። «መምህር፣ ኢነርጂ የማይፈጠርና የማይጠፋ ከሆነ፣ የአክስቴ ጥፋት የራሷ ነው ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ስላልገባኝ እንዲያብራራልኝ ጠየቅሁት።

አክስቱ ለብዙ ዓመታት በውጭ ሀገር የኖሩ ሴት ናቸው። እዚያ ሳሉ ክብደታቸው ከመጠን በላይ ስለ ጨመረና የስኳር በሽታም ስለ ያዛቸው በጨጓራቸው የላይኛው ክፍል ዙሪያ የሲሊኮን ቀበቶ በቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ 40 ኪሎ ግራም ያህል ቀነሱ። ከዚያ በኋላ ግን ያስታውካቸው ጀመር፤ ቀበቶው ሲላላላቸው ደግሞ ክብደቱ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ሐኪሞቻቸውም ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋቸው ነገሯቸው። ለመወሰን ጊዜ ፈልገው ወደ ትውልድ ከተማቸው ሲመጡ በየቡናው ላይ «ያን ሁሉ ገንዘብ አፍስሳ፣ ሆዷን ተቀድዳ፣ አፏን መግታት አቃታት» የሚል ሐሜት ጠበቃቸው። አሁን ጎረቤት ቡና ሲጠራቸው አይሄዱም። ተማሪዬ የፊዚክስ ሕግ ከሐሜተኞቹ ጎን የቆመ መስሎት ነበር።

ጥያቄው በር ላይ ቆሞ በአምስት ደቂቃ የሚመለስ አልነበረም። ይህ ጽሑፍ ለእርሱና ተመሳሳይ ጥያቄ ላላቸው አንባብያን የተዘጋጀ ነው። ጸሐፊው የፊዚክስ መምህር እንጂ ሐኪም ስላልሆነ፣ ዓላማው ሕክምና ማዘዝ ሳይሆን ነገሩ የሚመራባቸውን የተፈጥሮ ሕጎች ማስረዳት ነው።

የክብደት ሂሳብና የጣና ሐይቅ

ከሐይቃችን እንነሣ። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ሌሎች ወንዞች፣ እንዲሁም በሐይቁ ላይ በቀጥታ የሚወርደው ዝናብ፣ የጣና ገቢ ናቸው። ወጪው በዋናነት በሁለት መንገድ ነው፤ አንዱ ትነት፣ ሌላው ዓባይ የሚነሣበት መውጫ። በክረምት ሐይቁ ሲሞላ በመውጫው የሚፈስሰው ውሃ ይበዛል፤ በበጋ ሲጎድል ይቀንሳል። ይህ ባሕርይ ሐይቁን ከመጠን በላይ እንዳይሞላም እንዳይደርቅም ይጠብቀዋል። ገቢው ለዘለቄታው ቢቀንስ ሐይቁ እስኪደርቅ አይወርድም፤ ወጪው ከአዲሱ ገቢ ጋር እኩል እስከሚሆንበት ከፍታ ድረስ ወርዶ ይቆማል። በፊዚክስ ቋንቋ ይህ ተለዋዋጭ ሚዛን ይባላል።

የሰው አካልም እንዲሁ ነው። ገቢው በምግብና በመጠጥ የሚገባው ኢነርጂ ነው። ወጪው ደግሞ ልብን፣ አንጎልን፣ ጉበትን ለማሠራት፣ ለመንቀሳቀስና ምግብን ለመፍጨት የሚውለው ነው። በገቢና በወጪ መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው በስብ መልክ ይከማቻል። አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይይዛል። ከባድ አካል ለመኖርም ለመንቀሳቀስም ብዙ ኢነርጂ ያወጣል፤ ቀላል አካል ጥቂት ያወጣል። ስለሆነም ክብደት እንደ ሐይቁ ከፍታ የራሱን ሚዛን ይፈልጋል።

ይህን ሂሳብ በሚገባ ካሰሉት አንዱ የፊዚክስ ሊቅ የሆነው ኬቨን ሆል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት ለአማካይ ጎልማሳ የሚሆን ቀላል መመሪያ አቅርቧል። ይኸውም ዘላቂ የሆነ የ24 ኪሎ ካሎሪ የዕለት ለውጥ በመጨረሻ የአንድ ኪሎ ግራም የክብደት ለውጥ ያመጣል የሚል ነው። የለውጡ ግማሽ በአንድ ዓመት ገደማ፣ 95 በመቶው በሦስት ዓመት ገደማ ይፈጸማል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሰው በቀን አራት ስኒ ሻይ፣ እያንዳንዱን በሦስት ማንኪያ ስኳር መጠጣት ጀመረ እንበል። አንድ ማንኪያ 5 ግራም፣ አንድ ግራም ስኳር 4 ኪሎ ካሎሪ ቢሆን፣ 4 × 3 × 5 × 4 = 240 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ ይህ ብቻ ቢቀጥል በጥቂት ዓመታት ውስጥ 10 ኪሎ ግራም ያህል ይጨምራል። በአንጻሩ 40 ኪሎ ግራም ቀንሶ እዚያው ለመቆየት የዕለት ገቢን በ960 ኪሎ ካሎሪ ዝቅ አድርጎ ዕድሜ ልክ መያዝ ያስፈልጋል።

እንግዲህ የኢነርጂ ጥበቃ ሕግ በአክስቲቱም አካል ውስጥ እውነት ነው። ነገር ግን ሕጉ የሚነግረን ገቢና ወጪ በምን ያህል እንደተለያዩ እንጂ ለምን እንደተለያዩ አይደለም። አዳራሹ የሞላው ከወጡት ይልቅ የገቡት ስለበዙ ነው ብንል አልተሳሳትንም፤ ሰዎቹ ለምን እንደገቡ ግን ገና አልተናገርንም።

ቀበቶው ከየት መጣ?

ክብደትን በቀዶ ሕክምና ለመቀነስ የተደረገው ሙከራ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካዊው ክሬመንና ባልደረቦቹ ምግብ አብዛኛውን ትንሹን አንጀት ዘልሎ እንዲያልፍ የሚያደርግ ቀዶ ሕክምና አስተዋወቁ። ክብደት በእርግጥ ቀነሰ፤ ነገር ግን የጉበት መጎዳት፣ የኩላሊት ጠጠርና ብርቱ የንጥረ ምግብ እጥረት ተከተለ። ከተቀደዱት ብዙዎቹ አንጀታቸው ወደ ቀድሞው እንዲመለስ ሁለተኛ ጊዜ መቀደድ አስፈለጋቸው። ዳግም ቀዶ ሕክምና ከዚህ ሙያ ጋር አብሮ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1967 በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ማሰንና ኢቶ የጨጓራውን የላይኛውን ጥቂት ክፍል ለይቶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር የሚያገናኘውን ዘዴ አሳተሙ። ይህም «የጨጓራ ማለፊያ» ልንለው የምንችለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ኩዝማክ በውስጡ የሚሞላ ፊኛ ያለውን የሲሊኮን ቀበቶ አቀረበ። ቀበቶው የጨጓራውን አናት ከብቦ 15 ሚሊ ሊትር ያህል የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ከላይ ያስቀራል። ከቆዳ ሥር ወደ ተቀበረች ትንሽ መቀበያ በመርፌ የጨው ውሃ ሲጨመር ቀበቶው ይጠብቃል፤ ሲቀዳ ይላላል።

እዚህ ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ ስም ይነሣል። ይህን የሚስተካከል ቀበቶ ሆድ ሳይከፈት፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች በሚገቡ ካሜራና መሣሪያዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ያስገቡት ኢትዮጵያ የተወለዱት ቀዶ ሐኪም ዶክተር ምትኩ በላቸው ናቸው። ይህም የሆነው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1993 በቤልጂየም ሁይ ከተማ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘዴው በአውሮፓና በአውስትራሊያ ተስፋፋ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2001 ፈቀደው። ጨጓራ ሳይቆረጥ፣ አንጀት ሳይነካ፣ አስፈላጊ ሲሆንም ተመልሶ ሊወጣ የሚችል መሆኑ በዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር።

ሦስተኛው ዓይነት ጨጓራውን በቁመቱ ቆርጦ ሦስት አራተኛ ያህሉን በማውጣት ቀሪውን እንደ ጠባብ እጅጌ ማስቀረት ነው። እጅጌው ራሱን ችሎ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ሲሆን፣ ዛሬ በብዙ ሀገሮች ከሁሉም በላይ የሚሠራው እርሱ ነው።

የቧንቧው ሕግ

ቀበቶው በጨጓራው ላይ ጠባብ መተላለፊያ ይፈጥራል። በቧንቧ ውስጥ የሚያልፍ ፈሳሽ በፑዋዜይ ሕግ ይመራል፤ ግፊቱ፣ ርዝመቱና ዝልግልግነቱ ካልተለወጡ የፍሰቱ መጠን ከሬዲየሱ አራተኛ ርቢ ጋር ቀጥተኛ ተዛምዶ አለው። መተላለፊያው 6 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ቢኖረውና ወደ 5.4 ቢጠብብ፣ ማለትም በአሥር በመቶ ብቻ ቢቀንስ፣ 0.9 በአራተኛ ርቢ 0.66 ስለሆነ ፍሰቱ በ34 በመቶ ይወርዳል። በግማሽ ቢጠብብ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል።

በእርግጥ የተላመጠ እንጀራ እንደ ውሃ ያለ ፈሳሽ ስላልሆነ ሕጉ በቀጥታ አይሠራበትም። ሦስት ቁም ነገሮች ግን ይገለጡልናል። አንደኛ፣ ጥቂት ጠብታ የጨው ውሃ በመጨመርና በመቀነስ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው። ዛሬ ልክ የሆነው ቀበቶ ጨጓራው ትንሽ ሲያብጥ መዝጊያ ይሆናል። በሌላ በኩል ሰውየው ሲከሳ ከቀበቶው ሥር ያለው ስብ ስለሚሟሟ ያው ቀበቶ ይላላል። ስለዚህ ቀበቶ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚተው ዕቃ አይደለም፤ እንደ ላቦራቶሪ መሣሪያ በየጊዜው መስተካከል ያለበት ነው።

ሁለተኛ፣ ዝልግልግነቱ አነስተኛ የሆነ ነገር በቀላሉ ያልፋል። በደንብ ያልተላመጠ ሥጋ ወይም ትኩስ ዳቦ መተላለፊያው ላይ ሲቀረቀር ለስላሳ መጠጥ፣ ጭማቂና የማር ብርዝ ያለ ችግር ይወርዳሉ። ጠንካራ ምግብ በበላ ቁጥር የሚያስታውከው ሰው ሳያስበው ወደ ጣፋጭ ፈሳሽ ያዘነብላል። ይህ የስስት ጉዳይ ሳይሆን የቧንቧው ባሕርይ የወለደው ነው።

ሦስተኛ፣ ቀበቶው የሚገታው ፍሰትን እንጂ ረሃብን አይደለም። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለሳለን።

የፊኛው ሕግ

አንባቢው አንድ የሕፃናት ፊኛ ወስዶ ቢነፋ መጀመሪያ ላይ ይከብደዋል፤ ትንሽ ከተነፋ በኋላ ግን ይቀለዋል። ምክንያቱ የላፕላስ ሕግ ነው። ክብ ለሆነ ከረጢት፣

የግድግዳው ውጥረት = ግፊት × ሬዲየስ ÷ 2

ነው። ግፊቱ ያው ሆኖ ሬዲየሱ ሲያድግ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ውጥረት አብሮ ያድጋል። ከዚህም በላይ ከረጢቱ ሲለጠጥ ግድግዳው ይሳሳል። የግድግዳው ይዘት ካልተለወጠ ውፍረቱ ከሬዲየሱ ካሬ ጋር በተገላቢጦሽ ስለሚቀንስ፣ በእያንዳንዱ የግድግዳ ስፋት ላይ የሚያርፈው ጫና ከሬዲየሱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ያድጋል።

ከቀበቶው በላይ ያለችውን ከረጢት እንመልከት። 15 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ከረጢት ሬዲየሷ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። መተላለፊያው ከመጠን በላይ ጠብቦ ምግብ በተደጋጋሚ ቢከማችባትና ሬዲየሷ እጥፍ ቢሆን 120 ሚሊ ሊትር ትይዛለች፤ ግድግዳዋ ላይ ያለው ጫናም በዚያው ግፊት ስምንት እጥፍ ይሆናል። መስፋት ራሱ ሌላ መስፋትን ይጋብዛል። ሕይወት ያለው ግድግዳ ጡንቻ ስላለው ለተወሰነ ጊዜ ይቋቋማል፤ ለዓመታት ግን አይዘልቅም። ከረጢቱ ይሰፋል፣ ከሥር ያለው ጨጓራ በቀበቶው ውስጥ ተንሸራትቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ አልፎ አልፎም ቀበቶው ግድግዳውን እየበላ ወደ ጨጓራው ውስጥ ይገባል።

እጅጌውም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ቀዶ ሐኪሞች ባሳተሙት ልኬት ሙሉው ጨጓራ በአማካይ 1,553 ሚሊ ሊትር ሲይዝ የቀረው እጅጌ የያዘው 129 ብቻ ነበር። ሁለቱም እስኪሞሉ ድረስ ፈሳሽ ሲገባባቸው በሙሉው ጨጓራ ውስጥ ያለው ግፊት 34፣ በእጅጌው ውስጥ ያለው ደግሞ 43 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሆነ። መጠኑን ለግፊቱ ብናካፍል ለመጀመሪያው 46 ያህል፣ ለሁለተኛው 3 እናገኛለን። ይህ ግምታዊ ስሌት ቢሆንም እጅጌው ምን ያህል ደርቆ የማይለጠጥ እንደሆነ ያሳያል። በሽተኛው ቶሎ የሚጠግበው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ከፍተኛ ግፊት መውጫ ይፈልጋል፤ የታችኛው በር ሲዘጋበት አሲዱ ወደ ላይ፣ ወደ ምግብ መውረጃው ቧንቧ ይገፋል። በፊንላንድ 240 ሰዎችን በዕጣ መድቦ ለአሥር ዓመት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳስታወቀው፣ የምግብ መውረጃ ቧንቧ መቁሰል በእጅጌ ከታከሙት በ31 በመቶው፣ በጨጓራ ማለፊያ ከታከሙት ግን በ7 በመቶው ላይ ታይቷል። ይህ ብርቱ ቃር እጅጌውን ወደ ማለፊያ ለመለወጥ ከሚያስገድዱት ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው።

አካል በሩን ሲዘጋ

አሁን ወደ ረሃብ እንመለስ። ባሕር ዳር አጠገብ በዓባይ መውጫ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሮች ያሉት መቆጣጠሪያ ግድብ አለ። የወንዞቹ ገቢ ቀንሶ ሐይቁ ወረደ እንበል። ኃላፊዎቹ በሮቹን ቢዘጉ ገቢው ሳይጨምር ሐይቁ ይመለሳል። አካላችን ይህን መሰል በር ጠባቂ አለው።

እ.ኤ.አ. በ1999 ጃፓናውያኑ ኮጂማና ካንጋዋ ከጨጓራ የሚመነጭ ግሬሊን የተባለ ሆርሞን አገኙ። ይህ ሆርሞን ወደ አንጎል ሄዶ ረሃብን ይቀሰቅሳል። እ.ኤ.አ. በ2002 ከሚንግስና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት በአመጋገብ ብቻ በከሱ ሰዎች ደም ውስጥ ግሬሊን ይጨምራል፤ የጨጓራ ማለፊያ በተደረገላቸው ሰዎች ደም ውስጥ ግን እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። አካል ሲከሳ ተርቤያለሁ ብሎ ይጮኻል ማለት ነው፤ አንዳንዱ ቀዶ ሕክምና ጩኸቱን ዝም ያሰኛል፣ አንዳንዱ አያሰኝም።

የወጪውም በር ይጠብባል። እ.ኤ.አ. በ2016 ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ በቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር የተካፈሉ 14 ሰዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ መረመሩ። ሰዎቹ በውድድሩ ጊዜ በአማካይ 58 ኪሎ ግራም ቀንሰው፣ ከዚህ ውስጥ 41ዱን መልሰው ጨምረው ነበር። ይሁን እንጂ ዐርፈው ሳሉ አካላቸው የሚያወጣው ኢነርጂ በዕድሜያቸውና በክብደታቸው ከሚጠበቀው በቀን በ500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያነሰ ነበር። ይህ ከ125 ግራም ስኳር ጋር ይስተካከላል። ከእነርሱ አንዱና ጎረቤቱ ክብደታቸው አንድ ሆኖ እኩል ቢበሉ፣ አንዱ ይወፍራል፤ ሌላው ባለበት ይቆያል።

እነዚህ ሰዎች ቀዶ ሕክምና አልተደረገላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ አነስተኛ ጥናት የጨጓራ ማለፊያ የተደረገላቸውን ከተወዳዳሪዎቹ ጋር ሲያነጻጽር፣ በቀዶ ሕክምና የከሱት ወጪያቸው በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢቀንስም በዓመቱ ወደሚጠበቀው መመለሱን አይቷል። ስለዚህ ማለፊያው ከጠባብ ቧንቧነት በላይ ነው፤ ምግብ ቶሎ ወደ ታችኛው አንጀት ሲደርስ የጥጋብ ሆርሞኖች ይበዛሉ። ቀበቶው ግን በአብዛኛው ወንዙን ገደበ እንጂ በር ጠባቂውን አላነጋገረውም።

ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና

ዳግም ቀዶ ሕክምና በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ማረም ነው፤ የተንሸራተተን ቀበቶ ወደ ቦታው መመለስ፣ የተበላሸችን መቀበያ መተካት። ሁለተኛው መለወጥ ነው፤ ቀበቶውን አውጥቶ ማለፊያ ወይም እጅጌ መሥራት፣ እጅጌውን ወደ ማለፊያ ማዛወር። ሦስተኛው መሻር፣ ማለትም የተደረገውን አንሥቶ በተቻለ መጠን ወደ ቀድሞው መመለስ ነው።

ምን ያህል ጊዜ ያስፈልጋል? እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1997 ብራስልስ ውስጥ ቀበቶ ከተደረገላቸው 151 ሰዎች መካከል 82ቱ ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ቆይተው ተመረመሩ። በ2011 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው 60 በመቶ ያህሉ እንደገና ተቀድደዋል፤ ግማሽ ለሚጠጉት ቀበቶው ወጥቷል። በአሜሪካ የመንግሥት የጤና መድን የተሸፈኑና እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2013 ቀበቶ የተደረገላቸው 25,042 ሰዎች ሲጠኑ 18.5 በመቶው እንደገና መታከም አስፈልጓቸዋል፤ እያንዳንዳቸውም በአማካይ ወደ አራት ተጨማሪ ሂደቶች አልፈዋል። መድኑ ለዚህ ሕክምና ከከፈለው ገንዘብ ግማሽ ያህሉ የዋለው ለድጋሚው ነው። በዚሁ ሀገር እ.ኤ.አ. በ2011 ከቀዶ ሕክምናዎቹ 35 በመቶ የነበረው የቀበቶ ድርሻ በ2018 ወደ 1 በመቶ ሲወርድ፣ የዳግም ቀዶ ሕክምና ድርሻ ከ6 ወደ 15 በመቶ ከፍ ብሏል። የብዙ ሺህ ሰዎች ታሪክ ከአክስቲቱ ታሪክ ጋር አንድ ነው ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ሕክምናው ከንቱ ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረው የስዊድን ሰፊ ጥናት በ2007 እንዳስታወቀው፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በማለፊያ የታከሙት ከክብደታቸው 25 በመቶ፣ በቀበቶ የታከሙት 14 በመቶ ቀንሰው ቆይተዋል። በጠቅላላው ከተቀደዱት መካከል የሞት መጠኑ ካልተቀደዱት በ29 በመቶ ያህል ያነሰ ነበር።

ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያው ይከብዳል። ከመጀመሪያው ቁስል የተረፈው ጠባሳ ጨጓራውን ከጉበትና ከአካባቢው ጋር ያጣብቀዋል፤ የተለመደው የአካል አቀማመጥ ይዛባል፤ የተጎዳ ግድግዳ የደም አቅርቦቱ ስለሚያንስ ስፌቱ የማፍሰስ ዕድሉ ይጨምራል። በዚህ ምክንያት ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ቀበቶውን መጀመሪያ አውጥተው፣ እብጠቱ እስኪበርድ ጥቂት ወራት ጠብቀው ቀጣዩን ይሠራሉ። ከሁሉ አስቀድሞም ምክንያቱን መለየት ግድ ነው። ባሪየም አጠጥቶ ራጅ ማንሣት፣ በኢንዶስኮፒ ውስጡን ማየትና የአመጋገብ ታሪክን መጠየቅ የሚደረገው ለዚህ ነው። ቧንቧው ከተበላሸ ቧንቧው ይጠገናል፤ ቧንቧው ደህና ሆኖ ረሃቡ ከበረታ ግን ያንኑ ቧንቧ ይበልጥ ማጥበብ የፊኛውን ሕግ መጋበዝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ እንደ ሴማግሉታይድ ያሉ የጥጋብ ሆርሞንን የሚመስሉ መድኃኒቶች ለክብደት ሕክምና ስለተፈቀዱ፣ ለአንዳንዱ ሰው ከሁለተኛው ቢላዋ በፊት የሚሞከር ሌላ መንገድ ተከፍቷል።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

በሀገራችን ጉዳዩ የሩቅ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በታች የቀጠኑ መሆናቸውን አሳይቷል። በዚያው ጥናት ከመጠን በላይ የወፈሩት 8 በመቶ ሲሆኑ፣ በ2000 ግን 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በአንድ ሀገር ውስጥ ሁለቱ ችግሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። በውጭ ተቀድደው ለበዓልና ለዘመድ ጥየቃ የሚመጡ ወገኖችም አሉን። ስለሆነም የሚከተሉትን ማወቅ ይጠቅማል።

እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና ያለው ሰው ምን ዓይነት እንደተደረገለት፣ መቼና ምን ያህል የጨው ውሃ እንደተሞላ የሚገልጽ ጽሑፍ ይዞ ይጓዝ። ውሃ ወይም ምራቅ እንኳ መዋጥ ካቃተው፣ ማስታወኩ ካልቆመ ወይም ብርቱ የሆድ ሕመም ከተሰማው ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ቀበቶ እንዳለው ለሐኪሙ መናገሩ ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱም ውሃውን በመርፌ መቅዳት ብቻውን መተላለፊያውን ሊከፍት ይችላል። ለሳምንታት የዘለቀ ማስታወክ ቫይታሚን ቢ1ን አሟጥጦ አንጎልንና ነርቭን ስለሚጎዳ «ይለፍልኛል» ተብሎ አይታለፍም። ጾም የሚጾሙም ከመጀመራቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።

ለቤተሰብና ለጎረቤት ደግሞ አንድ ነጥብ አለ። የደም ግፊት በሽተኛ አንዱ መድኃኒት ሳይበቃው ቀርቶ ሁለተኛ ሲታዘዝለት ማንም አያማውም። ክብደትን የሚከላከል አካልም እንዲሁ ሁለተኛ ሕክምና ሊሻ ይችላል።

ይህን ሁሉ በሌላ ቀን ቢሮዬ ቁጭ ብለን ለተማሪዬ በወረቀት ላይ እየሠራሁ አስረዳሁት። ሲጨርስ «ታዲያ የትኛውን ትምረጥ?» አለኝ። እርሱን መወሰን የእርሳቸውና የሐኪማቸው ነው ብዬ፣ ይዘውት የሚሄዱትን አራት ጥያቄ ብቻ ጻፍሁለት። የመጀመሪያው ለምን አልሠራም? ያ ምክንያት በምርመራ ተረጋግጧል ወይ? አዲሱ ዘዴ ከቀድሞው የሚለየው በምንድን ነው? ከዚያ በኋላ ማን፣ የት፣ ለስንት ጊዜ ይከታተለኛል? ወረቀቱን አጥፎ ደብተሩ ውስጥ ከተተና «የሐይቁንም ሥዕል ልውሰደው፤ ቡና ላይ እኔው አስረዳለሁ» አለኝ።

መለማመጃ

1ኛ. የመተላለፊያው ሬዲየስ በ20 በመቶ ቢቀንስ ፍሰቱ በስንት በመቶ ይወርዳል? (መልስ፦ 59 በመቶ ያህል)

2ኛ. የክብደት ልዩነት በገላጭ ተግባር ይቀንሳል ብለን፣ የጊዜ ቋሚው 7,700 ÷ 24 ቀን ቢሆን፣ የለውጡ ግማሽ በስንት ቀን ይፈጸማል? (መልስ፦ 222 ቀን ያህል) ሆል ከሰጠው አንድ ዓመት ያነሰው ለምን ይመስላችኋል? ቀላሉ ስሌት የተወው ምንድን ነው?

3ኛ. ሁለት እኩል ፊኛዎች ወስዳችሁ አንዱን ብዙ፣ ሌላውን ጥቂት ንፉና አፋቸውን በቀጭን ቱቦ አገናኙ። አየሩ ከየትኛው ወደ የትኛው ይሄዳል? ከመሞከራችሁ በፊት በላፕላስ ሕግ ተንብዩ።